ከጨርቁ ሳንደርስ

«እንግዲህ ሞተር፣ አንቺ ንገሪኝ» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ የክፍሉን በር እየቆለፉ። «ዘንድሮ ጀማሪዎቹ ፕሮግራም መጻፍ በየትኛው ቋንቋ ይጀምሩ? በ‹ሲ› ወይስ በ‹ፓይተን›? ሲ ከሆነ ረዳቴ አንቺ ነሽ። ፓይተን ግን ስለማትችይ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ። እስከ ነገ አስቢበት።»

ሞተር ያሏት ጣቶቿ ኪቦርድ ላይ ስለሚፈጥኑ ነው። ረዳትነቱን ከአምና ጀምሮ ስትመኘው ነበር። «ሲ» የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀረ።

አምና መምህሩ ምርጫውን ለክፍሉ ሲተዉት ቀድማ የተነሳችው እሷ ነበረች። «ፓይተን እኮ የሕፃን ነው» አለች። «የምሩን መማር የፈለገ በሲ ይጀምር።» ሕፃን መባል የፈለገ ስላልነበረ እጅ ሁሉ ለሲ ወጣ። የጓደኛዋ የመቀስ እጅም ወጣ። ሞተር የክረምቱን እረፍት ሙሉ ከታላቅ ወንድሟ ሲ ስትማር መክረሟን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

መቀስ ያሏት የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች፣ አፏም ስለሚቆርጥ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጠውን የኮምፒውተር ትምህርት የጀመረችው የደንበኛ ልኬት ሲገባለት የሚበቃውን ጨርቅ የሚያሰላ ፕሮግራም ለእናቷ ለመሥራት ነበር። አንድ ቀን ፕሮግራሟ ልኬት ባስገባች ቁጥር ምንም ሳይናገር እየተዘጋ አስቸገራት። ሲ ውስጥ ቁጥሩ የት እንደሚቀመጥ የምታሳይ አንዲት ምልክት ረስታ ነበር። ሞተርን ጠራቻት። ሞተር «ይቺን እንኳን?» ብላ ኪቦርዱን ሳብ አደረገች፤ አስተካከለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። ብዙም ሳይቆይ የመቀስ ወንበር ባዶ ሆነ።

ሞተር መምህሩን ተሰናብታ፣ ወደ ቤቷ ከመሄድ ይልቅ ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት ታጠፈች።

«ምን እግር ጣለሽ ልጄ? ጠፍተሽ ጠፍተሽ» አሉ የመቀስ እናት ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው።

መቀስ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ጨርቅ በሳሙና ቁራጭ ታሰምራለች።

«መምህሩ ጀማሪዎቹ በምን ይጀምሩ ብለው ጠየቁኝ» አለቻት ሞተር።

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«አንቺን ከኮምፒውተር ክፍሉ ምን እንዳስወጣሽ ልወቅ ብዬ ነው። ቋንቋው ነው?»

መቀስ መስመሩን ጨረሰች። «ከባድ ነበር። ግን ከባድ ነገር እዚህም አለ፤ እስቲ ኮሌታ ስፊ። እኔ የፈለግኩት ጨርቅ ማስላት ነበር። ከጨርቁ ሳንደርስ ምልክት ስፈልግ ከረምኩ። ስጠይቅሽ ደግሞ ነጠቅሽኝ።»

«ምኑን?»

«ኪቦርዱን ነዋ።»

ሞተር የጨርቅ ቁርጥራጭ አንስታ ጠቀለለች፣ ፈታች። «እኔ እኮ ድሮውንም እችለው ነበር። ወንድሜ አስተምሮኝ።»

«አውቃለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ለእማዬ ሲያወራላት ሰማሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።»

የስፌት መኪናው ሮጠ፤ ቆመ።

«ፓይተን ቢሆን ትመለሻለሽ?»

«አይ» አለች መቀስ። «አሁንማ ከትምህርት በኋላ እዚህ ነኝ። እጄም ለመደው።» ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። ሞተር ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ለመምህሩ «ፓይተን» አለቻቸው።

«ረዳትነቱስ?»

«ይቅርብኝ፤ ከጀማሪዎቹ ጋር ልቀመጥ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ እኔ ልጻፍ።»

መምህሩ ጠመኔውን ሰጧት። ሰሌዳው ላይ «ለአንድ ቀሚስ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃል?» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ከኋላ ረድፍ፣ መቀስ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ጎን ተቀመጠች። ወንበሩ ላይ ያለችው አዲስ ልጅ ብዙም ሳትቆይ ወደ እሷ ዞረች።

«እንቢ አለኝ። ታስተካክይልኛለሽ?»

ሞተር ስክሪኑን አየች። ስህተቱ የት እንዳለ የገባት መሰላት። ጣቶቿ ተነሱ።

«እስቲ አንቺ ንኪው» አለቻት፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።