ጉም የዋጣቸው ታፔላዎች

ታፔላዎቹ ጠፍተዋል።

ሳጅን አመተሥላሴ ዋናው መንገድ ዳር ቆመች። ከጓሳ ተራራ የወረደው ጉም ከተማዋን እንደ ባዘቶ ጠቅልሏታል። ሰውም በግም የሚታየው አጠገብ ሲደርስ ነው። «ማቆሚያ በክፍያ» የሚሉት ታፔላዎች ግን አጠገባቸው ሲደርሱም የሉም። ከነምሰሷቸው ተነቅለዋል። ጉድጓዶቹ በመንገዱ ዳር ቀይ አሸዋ ተደፍነው በድንጋይ ተጠቅጥቀዋል።

«መኳንንት ነው» አለ የማቆሚያ ክፍያ ሰብሳቢው ተክለጻድቅ። «የሞላሌው ሚኒባስ ሾፌር። ዋጋው ሲጨምር እነቅላቸዋለሁ ብሎ ምሏል።»

መኳንንትን መናኸሪያ አገኘችው።

«ምለሃል?»

«ምያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ምን አደከመኝ? ሁላችንም ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቅያስ ነው የምናቆመው። እዚያ የሚያስከፍል የለም። ደግሞ ደብረ ብርሃን አድሬ አሁን መግባቴ ነው።»

ተራ አስከባሪዎቹም መሰከሩለት።

አመተሥላሴ ቆም ብላ አሰበች። ሰው እንዳይሰናከል ጉድጓድ የሚደፍን ሌባ አጋጥሟት አያውቅም። ሾፌሮቹ መላቸውን አግኝተዋል። ታፔላው ቢጠፋ እፎይ የሚለው ቅያሱ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው።

ወደ ቅያሱ ገባች። መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረው መሃሉ ሰው በጎኑ ብቻ ያሳልፋል። በጉሙ ውስጥ የገዛ ኮቴዋ የሌላ ሰው መሰላት። ከዋናው መንገድ ዳር የተነሰነሰው ዓይነት ቀይ አሸዋ አንድ ደጃፍ ላይ ተንጠባጥቧል። ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና የሚሠሩት የሸማኔው የጋሽ ወዳጆ ቤት ነው።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ታፔላዎቹ የት ናቸው?»

«ከጓሮ ናቸው» አሉ ሽማግሌው፣ ከሽመናቸው ቀና ሳይሉ።

«ለምን?»

«ልጄን ጌታነሽን በገበያ ቀን ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ቅያሱ አፍ ላይ ቆመ። ጩኸቱን እሰማለሁ፤ መኪናውን አላየውም። በቃሬዛ ተሸክመን በመኪኖቹ መሃል ስንሽሎኮሎክ ደሟ ፈሰሰ። ከነፅንሷ አጣኋት። ዋጋው ሳይጨምር እዚህ መኪና ቆሞ አያውቅም። ታፔላው ከሌለ ወደዚያው ይመለሳሉ ብዬ ነው።»

«ማመልከት ነበር።»

«አመለከትሁ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ዋናው መንገድ ወጥተው አዩና ‹መጨናነቁ ቀርቷል› አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ቀርቷል።»

«ጣቢያ መሄዳችን አይቀርም» አለች አመተሥላሴ።

«ይሁን፣ ልጄ።»

ወጡ። እሳቸው ከፊት ሆኑ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ያውቁታል። «እዚህ ጋ ጎንበስ በይ፣ መስታወት አለ» ይሏታል። አንድ አይሱዙ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙና እጃቸውን የቀዘቀዘው ብረት ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ነው ቃሬዛው አላልፍ ያለን።»

አመተሥላሴ እስኪበቃቸው ድረስ አብራቸው ቆመች።