ሁለቱም መስመር ላይ አንድ ቁጥር

ያላመነ አይመን፣ አልከራከርም። ይህ ግን የምር የሆነ ነገር ነው። በእኔው ላይ የሆነ... ስጽፈው እንኳ ፊቴ በሐፍረት ይግላል።

ዓርብ ነበር፤ ለቀኑ ስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ። ሱራባያ ከተማ፣ አንድ የግል ላቦራቶሪ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ወንዶቹ ለጁምዓ ሶላት ወርደዋል። ሴቶቹ ምሳ ወጥተዋል። እኛ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ሥራ የሚሠራው ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው፣ ማንም ስለማይጠቀምበት። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ብቻዬን ነኝ።

መጀመሪያ ግን ጉዴን ልናገር።

ከዚያ ስድስት ሳምንት በፊት ሰርቨሩ ላይ ሜሞሪ ጨመርን። ፓክ ጉናዲ፣ አቶ ጉናዲ እንደማለት፣ የሚባሉ የሃምሳ ስድስት ዓመት ቴክኒሻን ሜሞሪውን ሰኩ። የእኔ ድርሻ በሰርቨሩ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሁለት መስመር ማስተካከል ብቻ ነበር። አንደኛው፣ ፕሮግራሞች በጋራ ከሚጠቀሙበት ሜሞሪ በአንዴ ምን ያህል መውሰድ እንደሚቻል ይወስናል። ሁለተኛው የሁሉንም ድምር ይወስናል።

"ልብ በይ፣" አሉኝ ለሶላት ሲወርዱ። "የመጀመሪያው የሚቆጠረው በባይት ነው። ሁለተኛው በገጽ። አንዱ ገጽ ደግሞ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ባይት ነው።"

"ኧረ ፓክ፣ ፊደል ሊያስቆጥሩኝ ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅሁባቸው።

ሁለቱም ላይ 12582912 ብዬ ጻፍኩ።

በገጽ ሲቆጠር አርባ ስምንት ጊጋባይት ነው። በባይት ግን አሥራ ሁለት ሜጋባይት... ማለትም ምንም። ዳታቤዙ አልነሳ አለ። የደም ውጤቱን የሚጠብቅ በሽተኛ ኮሪደሩን ሞላው።

አለቃችን ፓክ ሄንዳርቶ እየተቆጡ ገቡና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። አፌ ቀደመኝ። ሜሞሪው በደንብ አልተሰካም አልኩ።

ፓክ ጉናዲ ሜሞሪውን ነቅለው እንደገና ሰኩት። እሳቸው ሲሰኩ እኔ ተደብቄ ቁጥሩን አስተካከልኩ። ሰርቨሩ ተነሳ። ጥፋቱም የሳቸው ሆነ።

በሳምንቱ ተባረሩ። ሲወጡ ቆም ብለው አዩኝ። ያወቁ ይመስለኛል።

አሁን ወደዚያች ዓርብ ልመለስ።

ሌላ ላቦራቶሪ ሊቀጥራቸው አስቦ ስለሳቸው በደብዳቤ ጠይቆን ነበር። መልሱ ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። "በቸልተኝነት ሰርቨር ያበላሹ" ይላል። ፓክ ሄንዳርቶ ከሶላት ሲመለሱ ይፈርሙበታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ዕድሜያቸው ማን ይቀጥራቸዋል?

ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። እውነቴን ነው።

መስኮቱ ክፍት ነው። የኢማሙ ኹጥባ፣ ከሶላቱ በፊት የሚሰጠው ስብከት፣ በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ሰርቨሩ ድንገት ዘገየብኝ። የጋራ ሜሞሪውን ዝርዝር ከፈትኩ።

አንድ የማላውቀው መስመር አለ...

ባለቤት፦ ጉናዲ።

አካውንታቸውን የሰረዝኩት ራሴ ነኝ። የተሰረዘ ሰው ስሙ አይወጣም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚወጣው።

መጠን፦ 12582912።

አጠፋሁት። ተመለሰ።

አጠፋሁት...

ተመለሰ።

"ዊናርሲ።"

ዘልዬ ተነሳሁ። ፓክ ሄንዳርቶ በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸው ሁሌም የሚሉኝ "ምባክ ዊን" ነው፣ እህቴ ዊን እንደማለት። በሙሉ ስሜ የሚጠሩኝ ፓክ ጉናዲ ብቻ ነበሩ።

በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

"ደብዳቤው... ይፈረም?"

ዓይኔን ወደ ደብዳቤው መለስኩ።

"አብረሻቸው የነበርሽው አንቺ ነሽ። ጥፋቱ የማን ነው?"

እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሥራዬን አሰብኩ። "ዊን እኮ አትሳሳትም" የሚሉኝን የቢሮ ልጆች አሰብኩ። አፈርኩ... ጥፋቴን ለማመን አፈርኩ።

"የሳቸው ነው።"

"ሁለቱንም መስመር አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ኮቴያቸው አልተሰማም።

ያኔ ነው ጆሮዬ የነቃው። ኢማሙ ገና ኹጥባ ላይ ናቸው። ሶላቱ አልተጀመረም...

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። መስጊዱ ሞልቶ ግቢው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ፓክ ሄንዳርቶ ሰማያዊ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

ዞር አልኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤው ተፈርሟል። ቀለሙ አልደረቀም።

ፊርማው የእኔ ነው። ወላሂ፣ እስክሪብቶ አልነካሁም።

ልቀደው እችል ነበር። ኹጥባው እስኪያልቅ፣ ሶላቱ ተሰግዶ እስኪያበቃ ጊዜ ነበረኝ። ይዤው ተቀመጥኩ። ከዚያ አጣጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩትና አሸግሁት።

ፓክ ሄንዳርቶ እየሳቁ ገቡ።

"ምባክ ዊን፣ ያን ደብዳቤ አምጪው እስቲ፣ ልፈርም።"

"ተፈርሟል፣ ፓክ" አልኳቸው።