ሰላምታ የተማረው ግድግዳ

ሲስተር ደብሪቱ «ሽታው አፍንጫሽ ሥር እያለ እንዴት ዝም አልሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ትርንጎ ያን ጊዜ መልስ አልነበራትም።

ነገሩ የሆነው ጨው ሜዳ ላይ በተሠራችው በሦስተኛዋ ጉልላት ውስጥ ነው። ከጉልላቷ መስታወት ውጪ ያለው ሙቀት ወፍ ይጥላልና ማንም አይወጣም፤ ውስጡ ግን ነፋሻ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ለሕፃናት አጥሚት የሚያወርድ ቧንቧ ነው፤ አጥሚቱም የሚሠራው ከዋቅላሚ፣ ማለትም ውሃ ላይ ከሚያድገው አረንጓዴ ነገር ነው። ሁለተኛው «እንደምን» ይባላል፤ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚጠብቅ፣ ቧንቧውንም የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከአፉ ከማይለየው ቃል ነው።

«እንደምን አደርሽ፣ ትርንጎ?» አለ መሣሪያው ያን ቀን ጠዋት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን አደርክ?»

«ይመስገን። ወለላስ?»

«ደህና ናት፤ ተመስገን።» ትርንጎ ጡት ያልጣለች ልጇን ወደ ትከሻዋ አነሣች። ወለላ ስታስመልስ ነው ያደረችው። «ግን እኮ…»

የግድግዳው መብራት አረንጓዴ በራ። እንደምን መልሱን ይዞ ወደ ጎረቤት ቤት አልፏል።

ትርንጎ ቧንቧውን ከፈተች። አጥሚቱ እየተጎተተ ወረደ፤ ውሃ ውስጥ እንደ ሰነበተ የፍየል ቆዳ ይሸታል። መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ማለት ንጹሕ ማለት እንደሆነ በጤና ትምህርት ላይ ሰምታለች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ በስመአብ ብላ፣ ለልጇ በማንኪያ አጎረሰቻት። ወለላ ዋጠችው፤ ወዲያውም እናቷ ደረት ላይ መለሰችው። ሞቅ ያለው ትውከት በጡቶቿ መካከል ወረደ። ሽታው ያው የአጥሚቱ ሽታ ነበር።

ጎረቤቷ አስካለ የቆሸሸ ሽንት ጨርቅ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በደጃፍ ብቅ አለች።

«ያንቺም?» አለች።

«የእኔም። ለእንደምን ነገርሽው?»

«ምን ብዬ? እንደምን አደርሽ ሲለኝ ገና ከአፉ ሳይጨርስ ‹ተቅማጥ› ልበለው? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩሽ?»

«እኔም ደህና ካልኩት በኋላ ልነግረው ስል ጥሎኝ ይሄዳል።»

«ሥራ ይበዛበታል፤ እንደ ባሌ» አለች አስካለ፣ ጨርቁን ከራሷ እያራቀች።

ረፋዱ ላይ ሲስተር ደብሪቱ በእናቶች አዳራሽ ሳምንታዊውን የጤና ትምህርት ጀመሩ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲደሰቱ ድምፃቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ያለው ሰሌዳ በአረንጓዴ ነጥቦች ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሕፃን ነው።

«ልጆቼ፣ ኮራሁባችሁ» አሉ። «በጉልላታችን አንድም የታመመ ሕፃን የለም።»

እናቶቹ አጨበጨቡ። አዳራሹ በትውከትና በተቅማጥ ሽታ ታፍኗል፤ ከፊት የተቀመጠችው ሴት የልጇን አፍ ጠርጋ፣ በዚያው በረጠበ እጇ ታጨበጭባለች። ትርንጎም ልታጨበጭብ እጇን ስታነሣ መዳፏ የወለላን ራስ ነካ። እርግብግቢቷ ጎድጉዷል። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እንባ ግን የላትም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚሁ አዳራሽ ተምራለች። ልጇ እየደረቀች ነው። እንዲህ ሆና ከዋለች ትሞትባታለች።

ተነሣች። «ሲስተር፣ ልጄ ደህና አይደለችም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ስድብ የተናገረች መሰላት። አንዳንዶቹ ዞረው በትዝብት አዩአት። ሲስተር ደብሪቱ ግን መጥተው የሕፃኗን ራስ ዳሰሱ፤ የሆዷን ቆዳ ቆንጥረው ለቀቁት። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ፈገግታቸው ጠፋ። ሕይወት አድን ንጥሩን ራሳቸው በጥብጠው፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠጧት ጀመር። ትርንጎን «እንዴት ዝም አልሽ?» ብለው የጠየቋት ያን ጊዜ ነው። ከኋላዋ አንዲት ሴት «የእኔም ልጅ» አለች፤ ሌላዋም፣ ሌላዋም።

የጉልላቷ መካኒክ ቢተው ተጠርቶ መጣና የአዳራሹን የአጥሚት ቧንቧ ፈታው። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ እንደ ጉበት የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ ንፍጥ ተዘርግፎ ወለሉ ላይ ወደቀ። በውስጡ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። አስካለ አፏን ይዛ ሮጠች። ትርንጎ ዓይኗን አልነቀለችም። ወለላን ያጎረሰቻት ይህን ነው።

«ባለፈው ሳምንት እኮ እንደምንን ጠይቄው ነበር» አለ ቢተው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ቧንቧዎችህ እንደምን ናቸው ስለው፣ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው› አለኝ። ጨዋነቱ ደስ አለኝና አልፌው ሄድኩ።»

ትርንጎ እዚያም እንደምን ወዳለበት ግድግዳ ቀረበች። «እንደምን፣ ይህ ነገር ይሸትሃል?»

«ይሸተኛል» አለ እንደምን።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእናንተ ቀድሞ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ተጠየቅኩ፤ መለስኩ። ስትጠየቁ እንዴት እንደምትመልሱ በየጠዋቱ እሰማለሁ። እንደምን አደርሽ ሲባል ችግሩን ያስቀደመ ሰው ከመካከላችሁ አላገኘሁም። አመላለሱን የተማርኩት ከእናንተ ነው።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ የራሷን የጠዋት ድምፅ የሰማች መሰላት። ትሉን ስታይ ያልመጣባት ትውከት ያን ጊዜ መጣባት።

ወለላ ዳነች። ቧንቧዎቹ ተፍቀው ታጠቡ። ቢተውም የእንደምንን የጠዋት ሰላምታ ቀየረው። አሁን ጎህ ሲቀድ በየቤቱ «ዛሬ ምን አስጠላሽ?» ይላል፤ መልስ እስኪያገኝም አያልፍም። ትርንጎ በየጠዋቱ ትነግረዋለች፦ የማንኪያውን ዝገት፣ የጨርቁን ሽታ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ራሷን። ለሲስተር ጥያቄም መልስ አግኝታለች። ዝም አላለችም ነበር፤ ደህና ናት እያለች ነበር።

«ጠዋት በጠዋት ይህ ምን የሚሉት ሟርት ነው?» አለች አስካለ፣ ጓዟን ስትሸክፍ። «በአራተኛዋ ጉልላት ያለው አሁንም እንደምን አደራችሁ ነው የሚለው አሉ።»

«ቧንቧውስ?» አለች ትርንጎ።

«መብራቱ አረንጓዴ ነው» አለች አስካለ።

ብዙዎቹ እናቶች ተከተሏት። አስካለ ልጇን አዝላ ጉልላቶቹን በሚያገናኘው ዋሻ ወደ አራተኛዋ ሄደች፤ ሲስተር ደብሪቱ፣ ትርንጎና ወለላ ቀሩ።