የሸጊቱ አልጋና ቁርስ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ነፋሱ የሚገባበት በር ላይ አትቁሙ። አንዲት ቃል በደባርቅና በዳባት መካከል ሁለት ልብ ልታለያይ ጥቂት ነበር የቀራት፤ እሷን ላውጋችሁ።

ሸጊቱ ጎንደር የሆቴል ሥራ ተምራ ወደ ደባርቅ ስትመለስ፣ በእናቷ በእትዬ እናኑ ግቢ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ኖራ ቀባች፤ አልጋ ዘረጋች። ከበሩ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ቢ ኤንድ ቢ» ብላ ጻፈች። ፈረንጅ ሲያየው ወዲያው ይገባዋል፤ ማደሪያ አልጋና የጠዋት ቁርስ በአንድ ላይ ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው ግን እንደየልቡ ተረጎመው። አንዱ «ብላ እና ብላ» አለ። አንድ ገበሬ ደግሞ በገበያ ቀን ሙክቱን እየጎተተ መጥቶ፣ «በግና በሬ የሚገዛበት ይኸ ነው አሉኝ» ብሎ በሩን አንኳኳ።

በጥቅምት ብርድ አንድ አስጎብኚ ሁለት እንግዶች አስከትሎ ከቡይት ራስ ተራራ ወረደ። አለምነህ ይባላል፤ የዳባት ልጅ ነው። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። ጽሑፉን አየት አደረገና፣

«ብርድና ብርድ ነው አይደል የሚለው? ለደባርቅ ልኩ ነው» አላት።

ሸጊቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ብርድ ልብስ አመጣችና ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«ተሳስተሃል። ብርድ ልብስና ብርድ ልብስ ነው።»

ተያዩ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ኖረውም አልኖረውም የአለምነህ መንገድ በዚያ በር ሆነ። እትዬ እናኑ «ይኸ ልጅ ያለ ፈረንጅም ይመጣል እንዴ?» ሲሉ ሸጊቱ አንገቷን ትደፋለች።

ጥምቀት ሲያልፍ አለምነህ ሽማግሌ እንዲልኩለት ለአባቱ ለአቶ ሻረው ነገራቸው። ደስ አላቸው።

«የማን ልጅ ናት? ሥራዋስ?»

«የእትዬ እናኑ ልጅ ናት። አልጋና ቁርስ ነው ሥራዋ።»

አቶ ሻረው የሰሙት «አልጋ» የሚለውን ብቻ ነው። በመንገድ ዳር ከተማ አልጋ የሚከራይበት ቤት መጠጥና ጭፈራ፣ ስሙ የማይነሳም ነገር እንደማያጣው ያውቃሉ። ፊታቸው ጠቆረ።

«አልጋ የምታከራይ ሴት ከቤቴ አትገባም» አሉ። ሽማግሌውም ቀረ።

አለምነህ ደባርቅ ተመልሶ አባቱ ያሉትን ነገራትና፣ ዓይኗን ማየት አቅቶት፣ «እስከ ሠርጉ ብቻ ጽሑፉን ብናወርደውስ?» አላት።

ሸጊቱ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ እዚህ ቤት የማፍርበት ነገር አልሠራሁም። ባወርደው፣ አባትህ ያሉት እውነት ነው ማለቴ ነው። ከወደድከኝ ከነሥራዬ ውደደኝ።»

ሄደ፤ እሷም አልጠራችውም። አንሶላ ስታነጥፍ ግን እንባዋ ቀድሟት ጠብ ይል ነበር።

አለምነህ ነገሩ አላስተኛ ቢለው ዳባት ወርዶ ከአባቱ እግር ሥር ተቀመጠ። «አባባ፣ እርስዎ ሳያዩ በሰው ፈርደው አያውቁም። ሄደው አድረው ይዩት፤ ከዚያ ያሉኝን እቀበላለሁ።»

በዐቢይ ጾም፣ ፀሐይ ጥልቅ ልትል ስትል፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከሸጊቱ በር ቆሙ። በቅንድባቸው አወቀቻቸው፤ ቁርጥ የአለምነህ ቅንድብ ነው። እሳቸው ግን ማንነታቸውን አልተናገሩም።

«አንቺ ልጅ፣ ይኸ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«የእንግዳ ማረፊያ» ብትል ይቀላት ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ፤ መለሰችው።

«አልጋና ቁርስ ይላል፣ አባቴ።»

ትክ ብለው አዩዋት። «መጠጥስ?»

«የደባርቅ ውኃ አለ።»

«እኔ ጿሚ ነኝ። ቁርስሽ ምን ያደርግልኛል?»

«ነገ ቅዳሴ ሲወጡ ይደርሳላ! የእርስዎ ቁርስ በዘጠኝ ሰዓት ቢሆን እኛን ምን ቸገረን? እንግዳ ሳይቆርስ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

እትዬ እናኑ እንግዳው ማን እንደሆኑ ሳያውቁ ውኃ አሙቀው እግራቸውን አጠቧቸው። በወዲያኛው ክፍል ያረጁ ፈረንጅ ባልና ሚስት ገና በጊዜ ተኝተው ያንኮራፋሉ። ጭፈራው ይኸው ነበር።

በማግስቱ አቶ ሻረው ቅዳሴ ወጥተው ሲመለሱ ሽሮው ተከድኖ ጠበቃቸው። እንዲባርኩ ተለመኑ። ባረኩ፤ እንጀራውን ቆረሱና እጃቸው እንደያዘው ቀረ።

«ቁርስ ማለት መቁረስ አይደል? እኔ የፊተኛውን ቃል ይዤ፣ የኋለኛውን ሳልሰማ ነው የተቆጣሁ። ልጄ፣ የአለምነህ አባት ነኝ።»

«አውቄያለሁ።»

«መቼ?»

«ገና ከበር።»

«አውቀሽኝ ነው አልጋ ያልሽኝ?»

«አልጋ ነዋ፣ አባቴ!»

አቶ ሻረው ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። አድሬ ያየሁት ቤት ነው ብዬ ነው የምልካቸው።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከእትዬ እናኑ ጋር ሲነጋገሩ አለምነህ ከጓሮ ሸጊቱን አገኛት።

«ፈርቼ ነበር» አላት።

«አይቻለሁ። አባትህ ከአንተ ይደፍራሉ።»

«ይኸን ስድብ ዕድሜ ልኬን ልስማው?»

ሸጊቱ ሳቅ ብላ እጁን ያዘችው። ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ።

እናንተም ልጆቼ፣ የሰው ነገር በግማሽ ቃል ሲደርሳችሁ ቀሪውን ጠይቁ። እባካችሁ፣ ይችን አትርሱብኝ።