በጠርሙሴ የተበላሸች ጀንበር

ሴፎን መጀመሪያ ያየሁት ቀን አስጠላኝ። አስጠላኝ ስል ለወግ አይደለም።

ባሕሩ ዳር ተቀምጬ፣ ከውሃው የለቀምኳቸውን ወፋፍራም ትል የሚመስሉ ፍጥረቶች እየሰነጠቅሁ ሆድዕቃቸውን በጠርሙስ እሞላለሁ። ሴአ እንለዋለን፤ በደሴታችን በሳቫይ እሱን የማይወድ ሰው አላውቅም። ሴፎ ካሜራ አንግቶ መጣና አፍንጫውን ያዘ።

«ይሄ... ይበላል እንዴ?»

«አይ፣ ጫማ እንቀባበታለን» አልኩት።

ሳቀ። የመንደራችን ልጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ ኦክላንድ ወስደውት እዚያ አደገ። አሁን ለአንድ ሆቴል የጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ሊያነሳ መጥቷል። ሳቁ ግን ደግ ነበር፣ ምን ላድርግ! ትንሽ ቆይቶ በአንድ እጁ ቅርጫቴን፣ በሌላው አፍንጫውን ይዞ ገበያ ይሸኘኝ ጀመር። ወደድኩት።

ጣጣው ጀንበሯ ነበረች። እሱ የሚፈልገው ብርሃን የሚመጣው ማታ በየደጁ ቅጠል ሲቃጠል፣ ጭሱ ባሕሩ ላይ ተኝቶ ሁሉም ነገር ሲለሰልስ ነው። ልክ ያኔ ደግሞ ዛጎል ይነፋል። መንደሩ በሙሉ ቤቱ ገብቶ ይጸልያል፤ ዛጎሉ ዳግመኛ እስኪነፋ ከጠባቂ ጎረምሶች በቀር ደጅ የሚቆም የለም። ዛጎሉን የሚያስነፋው የመንደሩ አለቃ፣ አባቴ ቱኢፌያ ነው።

«እኔን ማግባት ከፈለግህ፣ ዛጎሉ ሲነፋ አባቴ ውጪ እንዳያይህ» አልኩት።

«እሺ፣ የኔ ቆንጆ» አለ።

እሺታው ምን ሆነ? ቤታችን ምሰሶና ጣራ እንጂ ግድግዳ የለውም። በዚያው ማታ አባቴ ሲጸልይ ዓይኔን ገለጥ ባደርግ፣ ሴፎ አሸዋው ላይ መቀመጫውን ወደኛ አዙሮ ካሜራው ላይ ተደፍቷል! ጠባቂዎቹ ጎረምሶች እየገፉ አባረሩት። አባቴ እራቱን አልበላም። እኔን ቀፈፈኝ።

በማግስቱ ሴፎ መጣ።

«ላንጊ፣ ለአፍታ እኮ ነው! ፎቶውም አልወጣልኝም። ነገ መርከብ አለኝ፤ ዛሬ ካላነሳሁ ሥራዬ ቀረ።»

«ይቅራ! ሴአዬን ትጸየፋለህ፣ የኔን ዓይነት ሰው ማታለል ግን አይቀፍህም። ዓይንህን ላፈር!»

ሄደ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማልቀሴም አስጠላኝ።

ማታ ዛጎሉ ተነፋ። ጭሱ ውሃው ላይ ተኛ፣ ባሕሩ የበሰለ ፓፓያ መሰለ። እንዲህ ያለ ምሽት አይቼ አላውቅም። የሴፎ ካሜራ አሸዋው ላይ በሦስት እግሩ ለብቻው ቆሟል። እሱ ጫማውን አውልቆ ገባና ምንጣፋችን ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ገርጥቷል፤ በእጁ ግማሹን የበላውን የሴአ ጠርሙሴን ይዟል።

«ይቅርታ፣ አባቴ» አለ። «ዛሬ ከእናንተ ጋር ልጸልይ።»

የአባቴ ጸሎት ከአዳም ይነሳና የጎረቤት አሳማ ሳይቀር ያዳርሳል። ዛሬ ገና ኖኅ ጋ ሳይደርስ ቆመ። አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጠርሙሱን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ ብቻውን የቆመውን ካሜራ አየ።

«አሜን!» አለ። «ዛጎሉን ንፉ! አንተ ልጅ፣ ምን ይገትርሃል? እግዜር ነገም ይሰማኛል፤ ይቺ ጀንበር ግን አትጠብቅህም። ሩጥ!»

ጠርሙሱን እንደያዘ ሮጠ። አንዲት ፎቶ ብቻ አነሳ፤ ወዲያው ጨለመ። በዚያው ምሽት በስልኩ ለሆቴሉ ላካት።

ሲነጋ ሆቴሉ መለሰ፦ «ሰማዩ ግሩም ነው። ጥጉ ላይ ያለው አስጸያፊ ነገር ግን ምንድን ነው?»

አየነው። ለካ ሲቸኩል ጠርሙሴን ካሜራው ፊት አስቀምጧት ኖሯል፤ ጀንበሯ በውስጧ ታበራለች።

«ቆርጠህ አውጣትና ላክላቸው» አልኩት። «መርከቡም እንዳያመልጥህ።»

አፍንጫውን ያዘና «እራቴ ነው» ብሎ ጻፈላቸው።

መርከቡ ያለ እሱ ሄደ።