ከሰማይ የሚነበብ ታፔላ

«ቃሪያ! ቀዩን አታንጠባጥቢ እያልኩሽ!»

አባቷ ነው ከታች የሚጮኸው። መሰላሉን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። አምና ከመሰላል ከወደቀ ወዲህ ዳሌው ጣሪያ አያወጣውም፤ አፉ ግን እስከ ጣሪያው ጫፍ ይደርሳል።

«አላንጠባጠብኩም! ቆርቆሮው ነው የጠጣው!» አለች ከላይ።

ቃሪያ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ትንሽ ሆና ታቃጥላለች ብላ ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ተቀብሎ አጸደቀው። ስም አውጪዋ አሁን ከዚሁ ጣሪያ ሥር፣ ክሊኒኩ ውስጥ ተኝታለች። ከገበያ ስትመለስ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ጭኗን ሰበረው። እግሯ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ በተመታ ብረት ያልፍና ጫፉ ላይ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ታስሮበታል። አጥንቱን ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። ጀሪካኑ ከተነሣ አጥንቱ ይንሸራተታል፤ አንዴ ተነሥቶ ጩኸቷ መንገድ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የሚነካው የለም።

ነጩ መደብ ትናንት ደርቋል። ቃሪያ ኖራ የነካ ሲባጎ ወጥራ፣ ጠብ አድርጋ ለቅቃ መስመሩን አወጣች፤ አሁን ቀዩን መስቀል እየሞላች ነው። ቆርቆሮው ሸንተረር ስላለው ከጎን ሲታይ መስመሩ እባብ መሰለባት።

«አባዬ፣ ጠመመብኝ!»

«ከየት ሆነሽ ነው የምታይው? ታፔላ የሚጻፈው ለአንባቢው ነው። የዚህ አንባቢ ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ካለ በቃ።»

ቃሪያ ወደ ሰማይ አየች። «ማንበብ ባይችልስ?»

አባቷ መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ከወረደች በኋላ ሲስተር ሻይ ሰጠቻት። ሐኪሙ ከተማውን ለቆ ከሄደ ጀምሮ ክሊኒኩ የሚውለውና የሚያድረው በዚህች ነርስ እጅ ነው። ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ሌላ ነገር አይታይም፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሏት ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ እታች አንወርድም» አለች። ከወለሉ ሥር ስላለው ጠባብ ክፍል ነው የምታወራው። አውሮፕላን በተሰማ ቁጥር በሽተኞቹን እዚያ ታወርዳቸዋለች። ግድግዳው ውሃ ያመነጫል፣ ቁስላቸው እያመረቀዘ ይወጣሉ። «አሁን ምልክት አለን። የታመመ፣ የቆሰለ፣ መሣሪያውን የጣለ፣ ጨርሶ መሣሪያ ያልያዘ ሰው መምታት ክልክል ነው። እነሱን የሚያክመውንም። የጦርነት ሕግ ነው።»

«ጥሩ ሕግ ነው» አለች ቃሪያ። «ለአብራሪዎቹስ የነገራቸው አለ?»

እህቷ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቁ እግሯ ድረስ ወርዶ አሳመማት። «አንቺ ልጅ አታስቂኝ! እግሬ አብሮኝ ይስቃል!»

«እውነቴን እኮ ነው። ሬዲዮው ጦርነት የለም ነው የሚለው። ‹ጥቂት ሽፍቶችን የማጽዳት ሥራ› ነው አሉ። ጦርነት ከሌለ የጦርነት ሕግ ከየት ይመጣል?»

«ስሙን እንዳሻቸው ይጥሩት» አለች ሲስተር። «ሁለት ወገን መሣሪያ ይዞ እየተዋጋ እስከሆነ ድረስ ሕጉ አለ። ዝናቡን ዝናብ ካላልሽው አይመታሽም እንዴ?»

ይቺ መልስ ቃሪያን አስደሰተቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችው ታፔላ ትክክለኛ ቦታ ላይ የተሰቀለ መሰላት።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። በማግስቱ ታፔላ ወደሚሠሩበት ቤታቸው ቲቸር መጣ።

ቲቸር የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም፤ ኳስ እጅ ሳይነካ፣ ሊነካ ሲያስብ ይነፋል ብለው ይቀልዱበት ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሙን ልጅ ከሜዳ አስወጥቶ፣ ቤተሰቡ አኩርፎት ከርሟል። አሁን የከተማውን ታጣቂ ልጆች የሚመራው እሱ ነው። ፊሽካው የለም፤ በምትኩ የመገናኛ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?» አለ አባቷን። «የክሊኒኩን አየሁት። እጅ ያስቆረጥማል። አንድ ተጨማሪ እንዲሠሩልኝ ነው።»

«የት ላይ መምህር?»

«መጋዘኑ ላይ።»

አባቷ ብሩሹን እያጠበ ነበር፤ እጁ ቀጥ አለ። የእህል መጋዘኑ ውስጥ እህል ካለቀ ቆይቷል። ልጆቹ በመኪና ጭነው የሚያስገቡት ሣጥን ምን እንደያዘ የማያውቅ የከተማው ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

«ቲቸር፣ እዚያ ውስጥ በሽተኛ አለ እንዴ?» አለች ቃሪያ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ አባቷ።

«ልጆች አሉ» አለ ቲቸር። ድምፁን አላነሣም። «የክፍልሽ ልጆች። የኳስ ቡድናችን በረኛ የነበረው ልጅ ሣጥኖቹ መሀል ነው የሚተኛው። አንድ ቦንብ ብትወርድ ለእናቱ የምሰጣት ጫማው እንኳ አይተርፍም። ይህን እያሰብኩ ነው የማድረው።»

«ግን ይሄ ፋውል ነው።»

ቲቸር አጭር ሣቅ ሣቀ። «ፋውል ዳኛ ሲኖር ነው። ዳኛው የታለ? ገበያውን ሲመቱ ማን ፊሽካ ነፋ? የእህትሽን እግር ለሰበረው ማን ቀይ ካርድ አወጣበት?»

«ሲስተር ሕጉ ለሁሉም ነው ብላለች።»

«የፈረሙት እነሱ ናቸው። እኛን ማን ጠርቶ አስፈረመን?»

«ኳስ ስንጫወትም አስፈርመውን አያውቁም።»

በር ላይ ከቆሙት ታጣቂዎች አንዱ ኪኪ ብሎ ሊስቅ ሲል ቲቸር ዞር ብሎ አየው፤ ሣቁን ዋጠ። ለአንድ አፍታ ፊቱ ላይ የድሮው ቲቸር ብልጭ አለ። አፈረ ይሁን ተናደደ ቃሪያ አላወቀችም። ከዚያ ወደ አባቷ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ እናንተ ባትሠሩት ልጆቼ በመጥረጊያ ይቀቡታል። መሠራቱ አይቀርም። ግን የተንጋደደ መስቀል ያስጠረጥራል። ደግሞ እምቢ ካሉኝ... እነዚህ ልጆች ‹ለማን ወግነው ነው?› ማለታቸው አይቀርም። እኔ ሁልጊዜ አጠገባቸው የለሁም። ወሬውም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ከወጣ፣ ማን እንዳወጣው ማወቅ አይከብድም።»

ይህን ሁሉ ሲል ልክ የታመመ ሰው እንደሚያጽናና ነበር። ቃሪያን የበለጠ ያስፈራት ይኸው ነው።

ሲሄዱ አባቷ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ አንሠራም በል።»

«እሺ፣ አንሠራም። ከዚያስ?»

ለካ ቃሪያ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበችውም።

«እኔን ከወሰዱኝ አንቺን ማን ያያል? ያቺን አልጋ ላይ ያለችውን ማን ይጠይቃል?» አለ። «ጀግና ልሁን ብልም ይሄ ዳሌ አያስሮጠኝም።»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቀልድ ትስቅ ነበር። አሁን ነጩን ቀለም ማማሰል ጀመረች።

መጋዘኑን በሁለት ቀን ጨረሰችው። በረኛው ልጅ ባልዲ እያቀበላት ነበር። ከራሱ የሚረዝም ጠመንጃ ጀርባው ላይ ይንገላታል። «ምርጥ ነሽ በቃ!» አላት። «አሁን እኛም በሽተኛ ሆንን ማለት ነው። መርፌ ብቻ እንዳይወጉን!» እሱ ስቆ እሷ አልሳቀችም። ከላይ ሆና ስታይ የክሊኒኩ ጣሪያ ከቤቶቹ ባሻገር ይታያል። ሁለቱ መስቀሎች እንደ መንታ ልጆች ተያዩ። ሰማይ ላይ ያለው አንባቢ የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ይለያል? እንዲያ እያሰበችም እጇ መስመሩን አልሳተም፤ ከሠራቻቸው ሁሉ ቀጥ ያለው መስቀል የመጋዘኑ ሆነ። በራሷ እጅ የተናደደችው ያኔ ነው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ፣ ለእህቷ ምሳ እየቋጠረች ሳለች ሬዲዮው ተናገረ። ሽፍቶቹ በሕክምና ምልክት ሥር መሣሪያ መደበቃቸው ተደርሶበታል፤ ምልክት ከእንግዲህ ማንንም አያታልልም አለ። በየትኛው ሕንፃ ላይ እንደሆነ አልተናገረም። አባቷ ዘጋው። ሁለቱም አልተያዩም። ከዚያ እሱ መጋረጃውን እየዘጋ፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ምሳው ይቀዘቅዛል፤ ሂጂ» አላት።

ክሊኒኩ ውስጥ ፀጥታ ነበር። የሬዲዮናቸው ባትሪ ካለቀ ሰንብቷል። በሽተኞቹ በመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ቁስላቸውን ገልጠው ተኝተዋል፤ አብዛኛው ደርቆ መሻር ጀምሯል። በር አጠገብ ያሉ አሮጊት እጇን ያዙ። «ልጄ፣ ያንን የሳልሽልን አንቺ ነሽ አሉ። እጅሽ ይባረክ። ከሱ ወዲህ እንቅልፍ ወስዶኛል።»

ቃሪያ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ሁለት ምርጫ ነበራት፤ ሁለቱም መጥፎ ነው። ዝም ብትል እነዚህ ሰዎች እንደተኙ ይቀራሉ። ብትናገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ዞሮ ቲቸር ጆሮ ከገባ የአባቷ ነገር ያከትማል። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄደች።

«ሲስተር፣ መጋዘኑም ላይ አለ» አለች። «መስቀሉ። መሣሪያው ላይ። በሬዲዮ ተናግረዋል።»

ሲስተር ፋሻ እየጠቀለለች ነበር። ጥቅሉን እስከ መጨረሻው ጨረሰችው። «ማን ቀባው?»

«እኔ።»

ትመታኛለች ብላ ጠበቀች። ሲስተር ግን ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «መጋዘኑ ስለዋሸ እኛ በሽተኛ መሆናችን አይቀርም» አለች። «ሕጉ አሁንም ይጠብቀናል። የእኛዎቹ ሕጉን ቢጥሱ ለእነዚያኞቹ መጣስ አይፈቀድላቸውም። እንዲያ ነው የሚለው...» በቃሉ ያጠናውን እንደሚያነበንብ ተማሪ ነበር የምትናገረው። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ የቀረውን አልጨረሰችውም።

«አስታማሚዎችን ጥሪልኝ» አለች። «ወደ ታች እናወርዳቸዋለን።»

ፍራሽ በፍራሽ ወረዱ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ በሽተኛውን እንደ ሣንቃ አጋድመው ነው የሚያሳልፉት። አሮጊቷ፣ «ምነው ሲስተር፣ ምልክት አለን አላልሽም?» ሲሉ ቃሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጣሪያው ሊያፈስ ነው እማማ፤ ዝናብ መጥቷል» አለች ሲስተር። ሰማዩ ኩልል ያለ ነበር። አሮጊቷ በመስኮቱ አሻግረው አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ለተሸካሚው ሰጡ።

እህቷ የመጨረሻ ሆነች። አልጋውን ከነገመዱ ሊያዞሩት ሞከሩ፤ በሩ ላይ ሳይደርሱ ጩኸቷ ሁሉንም አደነዘዛቸው። ሲስተር እጇን አነሣች። እንደገና ጀሪካኑን ሰቀሉት፤ አጥንቱ ቦታው እስኪመለስ እህቷ ትራሱን ነክሳ ቆየች።

«ተዉኝ በቃ» አለች ላቧን እየጠረገች። «እታች አይጥ ነው የሞላው። እኔ እዚህ አየር አለኝ።»

ሲስተር ቃሪያን በትከሻዋ ያዘቻት። «አንቺ ውረጂ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ።»

ሲስተር ወደ በሽተኞቿ ወረደች። ደረጃው ላይ የጫማዋ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ክፍሉ ባዶ አልጋ ብቻ ሆነ።

«ምን ታፈጥጫለሽ? ሂጂ እንጂ!» አለች እህቷ። «ለአባዬ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ቃሪያ በርጩማውን ጎትታ በመስኮቱና በአልጋው መካከል አስቀመጠችው። ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው እህቷ ገባት፤ በመስኮቱ ፍንጣሪ ቢገባ ቀድሞ የሚያገኘው ቃሪያን ነው።

«ቃሪያ። አንቺ ልጅ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

«ይሄ ፀጉር ግን ምንድን ነው? ወፍ ጎጆ ልትሠራበት ትችላለች» አለች። ከትራሱ ሥር ማበጠሪያ አግኝታ ነበር። የእህቷን ጭንቅላት ወደ ራሷ አዘንብላ፣ ከግንባሯ ጀምራ እስከ ማጅራቷ አንድ ቀጭን መስመር ከፈለች። «ቀጭን ነው የምሠራሽ። ቶሎ አያልቅም።»

«ግማሽ ላይ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ ታዲያ» አለች እህቷ።

ከሩቅ፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። እህቷ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጭንቅላቷን አነሣች። ቃሪያ ቀና ብላ አላየችም። ሦስቱን ዘለላ በጣቶቿ ለይታ ያዘች፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ አሳለፈች።

«ዝቅ በይ» አለቻት፤ «አናትሽ አልታይ አለኝ።»