ጎምዛን ያሰረው ድጋም

ያን ዕለት የናርዶሳ ፀሐይ ጠቁራ ወጣች። ጀርባው ሰማይ የሚፍቀው፣ ሲያዛጋ ሰባት አገር የሚያጨልመው ዘንዶ ጎምዛ ከሺህ ዘመን እንቅልፉ ነቅቶ የአርዛን ወንዝ በአንድ ጉንጭ ጨለጠው፤ ከዚያም ምንጩ ላይ ተጠምጥሞ ተኛ። የአገሩ ጉሮሮ ሁሉ ደረቀ።

ጎምዛን ድንጋይ የሚያደርገው የማሰሪያው ድጋም ብቻ ነበር። የሚያስተምሩት ደግሞ የኔታ አርሞን ናቸው፤ ጅራፋቸው ሲጮህ ንስር ከሰማይ የሚወድቅ ሰው! በእሳቸው ጉባኤ ተማሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል እንጂ ለብቻው አፉን ከፍቶ አያውቅም። የቃሉን ፍቺ መጠየቅም ድጋሙን መድፈር ነው። ከተማሪዎቹ ምርጥ የተባሉ ሦስት ጀግኖች ጎምዛ ፊት ቆመው የመጀመሪያውን ቃል ጠሩ፤ ከዚያ እንደለመዱት ጓደኞቻቸው እንዲቀበሏቸው ጠበቁ። የተቀበላቸው የዘንዶው ጉሮሮ ነበር።

አራተኛዋ ቀጸላ ሆነች። «ወንዙን ሳላስለቅቅ ብመለስ መሬት እግሬን ትትፋው!» ብላ በንጉሡ ፊት ማለች። የኔታም፣ አውድማ የሚያህል ጋሻ የተሸከመው ታላቅ ወንድሟም አብረዋት ወጡ።

«ድገሚ!» ይላሉ የኔታ በየመንገዱ።

«ጠፋብኝ፣ የኔታ።»

«ድንጋይ ራስ!» ጅራፉ ያርፋል። ምግብም እንቅልፍም ከልክለዋታል፤ በተገረፈች ቁጥር ደግሞ የቀሯት ቃላት እንደ ደነበረ መንጋ ይበተናሉ።

በመጨረሻ ወንድሟ ጅራፉን አየር ላይ ቀለበው። «የኔታ፣ ይሄን ያስቀምጡት። አለዚያ ከነእጅዎ ነው የማስቀምጠው።»

«አንተ በሬ! ድጋሙን ልታረክስ ነው?»

እህቱን አበላት፣ አስተኛት። ስትነቃ ፊቷ ቁጭ አለ። «በይ አሁን እኔን አስተምሪኝ። ‹ዓይንህ በአጥንትህ ይታሰር› ማለት ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ?»

«ሳታውቂው ነው የምትገጥሚው? ጉድ ነው!»

ቀጸላ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቃሉ አሰበች። ድንገት ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ድጋሙ መንገድ አለው! መጀመሪያ ዓይኑ ይደርቃል፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ ከዚያ ጅራቱ!»

«መንጋጋውስ?»

«መጨረሻ ላይ ነው።»

ወንድሟ ጋሻውን አነሣ። «እንግዲያው» አለ፣ «እስክትጨርሺ መንጋጋውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።»

ምንጩ ላይ ሲደርሱ ጎምዛ ተነሣ፤ ሦስት ተራራ ከሥሩ ተነቀለ። የኔታ ከቋጥኝ ጀርባ ተወሸቁ። ወንድሟ ግን ዘሎ ገባና ጋሻውን በመንጋጋዎቹ መካከል ሰነቀረው፤ ጥርሶቹ ትከሻው ላይ ተንቋቁ። ቀጸላ ለብቻዋ ድጋሙን ጀመረች። የዘንዶው ዓይን ነጣ፤ ደረቀ። ያን ጊዜ የወንድሟን ደም አየች። ምላሷ ተሳሰረ።

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ ከአውሬው አፍ ውስጥ። «ከዓይኑ ቀጥሎ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«አንገቱ!»

«በያ!»

ቃሉ እንደ ጎርፍ መጣላት። አንገቱ ደረቀ፤ ጅራቱ ደረቀ። አንድ ስንኝ ቀረ፤ እሱም መንጋጋውን ከያዘው ሰው ጋር ድንጋይ የሚያደርግ ነው።

«ጋሼ፣ ውጣ!»

«ከለቀቅኩት ይውጥሻል። ጨርሺው!»

«አልችልም!»

«ምን አስተማሪ ነሽ አንቺ፣ ተማሪሽን በእንጥልጥል የምትተዪ?»

እያለቀሰች ጨረሰችው።

መንጋጋው ከነወንድሟ ድንጋይ ሆነ። አርዛም ከምንጩ ፈንድቶ፣ እሪታው እስከ ባሕር እየተሰማ በድንጋዩ ጥርሶች መካከል ወረደ።

የኔታ ልብሳቸውን እያራገፉ ብቅ አሉ። «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆመሽ ነበር» አሉ፤ ጎንበስ ብለውም ሊጠጡ ሲሉ ቀጸላ ከውሃው ፊት ቆመች።

«መጀመሪያ የወንድሜን ስም ይጥሩ።»

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ስሙን ጠይቀውት አያውቁም ነበር።